የትንሣኤ ትምህርት በስሜን ደጋ ቤቶች

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወጣው የወገራና የስሜን ደጋ፣ ከካህናትና ከደቀ መዛሙርት በቀር ፊደል የቈጠረ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ ሕፃናትን ነገረ ትንሣኤን አስቀድማ የምታስተምር እናት ነበረች፤ መጽሐፏም በየዓመቱ የሚመላለሰው የቤቷ ሥርዓት ነበር።

አገሩ ለዐቢይ ጾም ዜማ ባዕድ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገብረ መስቀል ጊዜ የነበረው ቅዱስ ያሬድ፣ ትውፊት እንደሚነግረን፣ ከአክሱም ወጥቶ የመጨረሻ ዕድሜውን በስሜን በተባሕትዎ ፈጽሞ በዚያው ተሰወረ፤ የዐቢይ ጾም 8 እሑዶችም ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና የሚጠሩበት ስም ከእርሱ ጾመ ድጓ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ማንበብ የማትችል ባልቴት በምድጃዋ ዳር ተቀምጣ «መጻጉዕ ገባ፣ ደብረ ዘይት ቀረበ» እያለች 55ቱን ቀን ስትቈጥር፣ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የተኛውን ድውይና የዳግም ምጽአትን ነገር ለልጅ ልጆቿ አብራ ታወርሳለች።

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ትምህርቱ በሥጋ ይገለጣል። በሌላው ጊዜ የታላላቆቹን ጉልበት ስሞ ሰላምታ የሚሰጥ ልጅ በዚያ ሳምንት መሳም ይከለከላል፤ ምክንያቱን ሲጠይቅም ጌታውን በመሳም አሳልፎ የሰጠው የይሁዳ ታሪክ ይነገረዋል። ይህ ክልከላ የክህደትን ክፋት በሕፃን ልቡና በመቅረጽ ከብዙ ስብከት እንደሚበልጥ አምናለሁ። በጸሎተ ሐሙስ ስንዴውና ባቄላው ተቀቅሎ ጉልባን ይሆናል፤ አያት እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ሊጣቸው እስኪቦካ አለመቈየታቸውን ታስታውሳለች፤ ጨውም በዛ የሚደረግበት ጥሙ የጌታን መከራ እንዲያሳስብ ነው ትላለች። በስቅለት ልጁ እንደ አቅሙ ከአባቱ ጎን ይሰግዳል፣ ማታም የካህኑን የወይራ ጥብጣብ ይቀበላል። በቅዳም ሥዑር ጧት ካህናት ቃጭል እየመቱ የሚያድሉትን ለምለም ቄጠማ በራሱ ላይ ሲያስር፣ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ስላበሠረችው ርግብ ይሰማል፤ ከእርሷም ወደ ክርስቶስ ሞትና ወደ ሰው ልጅ ዕርቅ መሻገር ለአዋቂ ዘመድ አይከብድም።

አዋቂዎች ከዓርብ ጀምረው ምንም ሳይቀምሱ ሲያከፍሉ ልጆችም እስከ ስድስት ሰዓት፣ የበረቱትም እስከ ዘጠኝ በመጾም ይፎካከራሉ። ከዚያ አክፋዩ ይዘጋጃል፦ ድፎ ዳቦውና ጠላው በክርስትና ልጁ እጅ ወደ ክርስትና አባቱ ቤት ይላካል፤ ሽማግሌውም ሌሊት ከቅዳሴ ሲመለስ አክፍሎቱን የሚፈታው በዚያ ዳቦ ነው።