የተረጋገጠው ስሕተት

በየስደት አገሩ ካሉት ልጆቻችን ብዙዎቹ የኮምፒዩተር ትምህርት ይከታተላሉ። ፕሮግራም ጽፈው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ከሠራላቸው «ጨረስኩ» ይላሉ። እኔ ታክሲ ከመንዳቴ በፊት ጂኦሜትሪ ሳስተምር፣ የአንድ ሦስት ጎን ማዕዘናትን ለክቶ 180 ዲግሪ ያገኘ ተማሪ ማርክ አያገኝም ነበር፤ ለሦስት ጎኖች ሁሉ እንደሚሠራ ማስረዳት ነበረበት። ለፕሮግራምም እንዲሁ ይደረግ ያሉ ምሁራን ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካዊው ሮበርት ፍሎይድ፣ በ1969 ደግሞ እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር፣ ፕሮግራምን እንደ ሒሳብ የማረጋገጥን መንገድ አሳዩ። ፎርማል ሜተድስ ከሚባሉት ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው። ሥራው ሲጀመር እውነት የሆነውንና ሲያልቅ እውነት መሆን ያለበትን ጽፎ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው እንደሚያደርስ ማሳየት ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራማ በ1988 ጀማሪ ተማሪዎች ፕሮግራማቸውን በኮምፒዩተር ሳይሞክሩ በወረቀት ብቻ እንዲያረጋግጡ ሐሳብ አቀረቡ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው ተቃወሟቸው።

የዘዴው ጥቅምም ወሰንም በአንድ ታሪክ ይታያል። በመዝገበ ቃላት ቃል ስንፈልግ ከመሐል ገልጠን፣ ቃሉ የሌለበትን ግማሽ ትተን፣ የቀረውን እንደገና ለሁለት እንከፍላለን። ከሚሊዮን ቃላት አንዱ በ20 ያህል እርምጃ ይገኛል። ጆን ቤንትሌይ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አዲስ የዶክትሬት ተማሪዎችን ይህን ፕሮግራም ጻፉ ቢሏቸው፣ የአብዛኞቹ ስሕተት ሆነ። እርሳቸው ግን በ1986 በወጣ መጽሐፋቸው ፕሮግራሙን ከነማረጋገጫው አቀረቡ።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ የነበሩት ጆሹዋ ብሎክ በኋላ ይህንኑ ለጃቫ ጻፉት። በ2006 ግን የራሳቸውም ሆነ የመምህራቸው ፕሮግራም ስሕተት እንዳለበት ራሳቸው ይፋ አደረጉ። የጃቫው ስሕተት ዘጠኝ ዓመት ያህል ተደብቆ ኖሯል። መሐሉን ለማግኘት ሁለት ቁጥሮች ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ። ድምሩ ከ2,147,483,647 ካለፈ፣ ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ ስለማይበቃው ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማረጋገጫው ግን የተነሣው ቁጥር ወሰን እንደሌለው ቆጥሮ ነበር።

ታዲያ ማረጋገጥ ከንቱ ነውን? አይደለም። ስሕተቱ ከአካሄዱ ሳይሆን ሳይነገር ከታለፈው መነሻ ላይ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ማረጋገጥን የተማረ ልጅ መነሻውን በወረቀት ማስፈር ይለምዳል፤ የሰፈረውን ደግሞ ሌላው አይቶ ሊያርመው ይችላል። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ «ሠራልኝ» ሲላችሁ «ከምን ተነሥተህ?» ብላችሁ ጠይቁት።