የትንንሽ ምስሎች ቀለም ቅብ

ለጠረጴዛ ጨዋታ ወይም ለዕይታ የሚሠሩ የፕላስቲክ፣ የሬዚንና የብረት ምስሎችን በብሩሽ የመቀባት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለ ኩባንያ ሥራውን በስፋት ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ጀማሪን ከእጅ መንቀጥቀጥ ይልቅ የሚያሰናክለው የቀለም ውፍረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቁመቱ 28 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ወታደር ፊት ላይ ወፍራም አክሪሊክ ቀለም ሲለቀለቅ አፍንጫውና የዓይኑ ቆብ ይደፈናሉ። ስለዚህ ምስሉ በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ፕራይመር የተባለው የመነሻ ቀለም ይነፋበታል፤ በላዩም በውሃ የቀጠነ ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ ይደረባል። ቀጭን ቀለም አይሸፍንም የሚለው ቅሬታ፣ በተለይ ለቢጫና ለነጭ፣ እውነትነት አለው፤ ይሁንና ከሥሩ ፈካ ያለ ፕራይመር ከተነፋ ችግሩ ይቃለላል። እጅግ ደቃቅ ብሩሽ መግዛትም ብዙ አያዋጣም፤ የያዘችው ጠብታ ቀለም ምስሉ ጋ ሳትደርስ ትደርቃለች። ጫፉ የሾለ መካከለኛ ብሩሽ ይሻላል።