በኮንክሪትና በተቀባ ጡብ የሚሠራ የቤት ውጫዊ ገጽታ

በኮንክሪትና በተቀባ ጡብ የሚሠራ የቤት ውጫዊ ገጽታ የሚባለው የቤቱ ዓምዶች፣ ወለሎችና ጠርዞች በሚታይ ኮንክሪት፣ ግድግዳው ደግሞ ልስን ሳይለሰን በቀጥታ ቀለም በተቀባ የሸክላ ጡብ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ኮንክሪቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ግራጫ መልክ ይተዋል። የጡቡ መደዳና መጋጠሚያ ከቀለሙ ሥር ስለሚታይ፣ ግድግዳው እንደ ልስን ግድግዳ ዝርግ አይሆንም፤ ፀሐይ በጎን ሲመታው ጥላና ብርሃን ይፈጥራል። ጥምረቱ የሚወደደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የሸክላ ጡብን መቀባት በቀላሉ የማይመለስ ውሳኔ ስለሆነ፣ ስለ መልኩ ከማሰብ በፊት ውሃ ወደ ግድግዳው እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቁሶቹ

ኮንክሪት የሲሚንቶ፣ የአሸዋ፣ የጠጠርና የውሃ ድብልቅ ነው። በውስጡ ብረት ሲገባበት አርማታ ይባላል። በኢትዮጵያ የግንባታ ሠራተኞች ዘንድ የተለመዱት ፌሮ፣ አርማታና ሶሌታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አዲስ የተሞላ ኮንክሪት ፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ የሆነ ጠንካራ አልካላይን ነው። ይህ ባሕርይ ውስጡ ያለውን ብረት ከዝገት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ቶሎ የተቀባበትን ተራ ቀለም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ኮንክሪትን መቀባት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ለ28 ቀናት ያህል እንዲቆይ ያደርገዋል። 28ኛው ቀን የኮንክሪት ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካበትም ቀን ነው።

የሸክላ ጡብ ከተቀረጸና ከደረቀ በኋላ ከ900 እስከ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ይቃጠላል። በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ዝናብ ሲመጣ ጥቂት ውሃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተነፍሳል። የፊቱ ገጽ በእሳት ስለጠነከረ ከውስጡ ይልቅ ውሃን ይቋቋማል።

ብሎኬት ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ብሎኬት በእሳት አይቃጠልም፤ ከሲሚንቶና ከደቃቅ ጠጠር ወይም አሸዋ ተቀርጾ ይደርቃል። ከተለመዱት መጠኖች አንዱ 40 በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች (ኮንዶሚኒየሞች) በአብዛኛው የተሠሩት ከአርማታ ዓምድና ሶሌታ ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው ግድግዳ ብሎኬት ሆኖ ከውጭ ተለስኖ ይቀባል። ብሎኬት በባሕርዩ መለሰንን ወይም መቀባትን የሚፈልግ ስለሆነ፣ ከታች የሚነሳው ጥንቃቄ በይበልጥ የሚመለከተው የሸክላ ጡብን ነው።

ታሪክ

ጡብን በኖራ ማንጣት በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። ኮንክሪት ግን በመኖሪያ ቤት ፊት ላይ ሳይሸፈን በስፋት መታየት የጀመረው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው አርክቴክት ኦጉስት ፔሬ እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1904 በፓሪስ ፍራንክሊን መንገድ ላይ የሠራው የአፓርታማ ሕንፃ የአርማታ አጥንቱ ከውጭ እንዲነበብ የተደረገበት ነው፤ ሆኖም ፊቱ በሴራሚክ ንጣፍ ተሸፍኗል። ለ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1952 በተጠናቀቀው የማርሴይ የመኖሪያ ሕንፃው ላይ ኮንክሪቱን የጣውላው አሻራ እንደታተመበት ትቶ፣ የበረንዳዎቹን የጎን ግድግዳዎች ብቻ በደማቅ ቀለሞች ቀባ። ግራጫው ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ ቀለሙ ወደ ውስጥ ገባ ባለው ክፍል ላይ ይውላል፤ ይህ ሐሳብ ዛሬም በብዙ ቤቶች ላይ ይታያል። ይኸው አርክቴክት በ1950ዎቹ አጋማሽ በፓሪስ አቅራቢያ በኑዪ የሠራቸው የዣኡል ቤቶች ጡብንና ሻካራ ኮንክሪትን ጎን ለጎን አድርገዋል፤ ጡቡ ግን አልተቀባም።

ቀለም በጡብ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ የፊንላንዱ አርክቴክት አልቫር አልቶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሙራትሳሎ ደሴት ለራሱ የሠራው የሙከራ ቤት ነው። የቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ነጭ የተቀባ ጡብ ነው። ወደ ግቢው የሚያየው ግድግዳ ግን ያልተቀባ ቀይ ጡብ ሲሆን፣ አልቶ 50 ገደማ በሚሆኑ ክፍልፋዮች ከፍሎ የተለያዩ የጡብና የሴራሚክ አደራደሮችን ሞክሮበታል። ቤቱ ከውጭ ጸጥ ያለ ነጭ ሳጥን ይመስላል፤ ከውስጥ ደግሞ እንደ ተለጣጠፈ ጨርቅ ነው። አንዱን ቤት ሁለት ያስመሰለው በአብዛኛው ቀለሙ ነው።

የተቀባ ጡብና እርጥበት

ያልተቀባ የጡብ ግድግዳ በደንብ ከተሠራ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከመጋጠሚያው እድሳት በቀር ብዙ ሥራ አይጠይቅም። ከተቀባ በኋላ ግን በየጊዜው መቀባት የግድ ይሆናል። ይህ ተደጋጋሚ ወጪ በንድፍ ሥዕል ላይ አይታይም።

ዋናው ችግር ግን ወጪው አይደለም። ውሃ ወደ ጡብ ግድግዳ የሚገባው በዝናብ ብቻ ሳይሆን ከመሬት ወደ ላይ በመሳብ፣ ከተሰነጠቀ መጋጠሚያ፣ ከሚያፈስ አሸንዳና ከቤት ውስጥ ከሚወጣ እንፋሎት ጭምር ነው። የግድግዳው ፊት እንደ ላስቲክ በሚዘጋ ቀለም ከተሸፈነ ይህ ውሃ መውጫ ያጣል። መጀመሪያ ቀለሙ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይላጣል። ውሃው በጡቡና በሞርታሩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ውሃው ሲተን ጨው ነጭ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ጨው ከቀለሙ ሥር ሲጠራቀም የጡቡን ፊት ራሱን እየገፋ ይፈረፍረዋል። ክረምታቸው በረዶ በሆነ አገሮች ጉዳቱ ይብሳል፤ ውሃ ሲቀዘቅዝ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር እርጥበት የያዘ ጡብ ፊቱ ይሰነጠቃል። በአሜሪካ የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ መመሪያዎች ቀድሞ ያልተቀባን ጡብ መቀባት የማይመክሩትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ከባድ በረዶ የለም፤ ነገር ግን አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ ግድግዳ ለሳምንታት ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል። ለመቀባት የሚሻለው ወቅት ግድግዳው በደንብ የደረቀበት በጋ ነው፤ መስከረም እንደጠባ መቀባት እርጥበቱን ከውስጥ መቆለፍ ነው።

የቀለም ዓይነቶች

ኖራ ከሁሉ ያረጀውና ከሁሉ የሚተነፍሰው ነው። በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ማለትም ወደ ኖራ ድንጋይነት ይመለሳል። እየሳሳ ይሄዳል እንጂ እንደ ላስቲክ አይላጥም። በዝናብ ስለሚታጠብ ግን ቶሎ ቶሎ መደገም አለበት።

የሲሊኬት ቀለም እ.ኤ.አ. በ1878 ጀርመናዊው አዶልፍ ዊልሄልም ካይም የባለቤትነት መብት ያገኘበት ነው። ማያያዣው ፖታሲየም ሲሊኬት ሲሆን፣ በጡቡ ላይ ሽፋን ሆኖ ከመቀመጥ ይልቅ ከማዕድኑ ጋር በኬሚካል ይጣመራል። እንፋሎት ያሳልፋል፣ የሚጠቀመው የማዕድን ቀለም ስለሆነም በፀሐይ በቀላሉ አይደበዝዝም። ቀድሞ በፕላስቲክ ቀለም በተቀባ ጡብ ላይ ግን የሚጣመርበት ማዕድን ስለማያገኝ አይሠራም።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው በተለምዶ ፕላስቲክ ቀለም የሚባለው ውሃ ቀመስ ቀለም ነው። ዋጋው ተመጣጣኝ፣ የመልክ ምርጫው ሰፊ ነው። እንፋሎት የማሳለፍ ችሎታው እንደ ምርቱ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ በላይ በላይ ሲቀባ ግን እየተዘጋ ይሄዳል። ለተለሰነ ብሎኬት ጥሩ ምርጫ ነው። የዘይት ቀለም ለውጭ ጡብ አይመከርም።

ጡብና ኮንክሪት የሚገናኙበት ቦታ

ሁለቱ ቁሶች እኩል አይንቀሳቀሱም። የሙቀት መጠን በ20 ዲግሪ ሲለዋወጥ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው የሸክላ ጡብ ግድግዳ ግን 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይረዝማል። ከዚህም የሚገርመው፣ ከእሳት የወጣ ጡብ ከአየር እርጥበት እየወሰደ ለዓመታት በጥቂቱ ማደጉ ነው፤ ኮንክሪት ደግሞ በተቃራኒው እየደረቀ ሲሄድ ይሰበሰባል። አንዱ ሲያድግ ሌላው ስለሚያጥር፣ ጡቡ በኮንክሪት ዓምዶችና ቢሞች መካከል ተጨንቆ ከተሠራ ስንጥቅ የሚወጣው በመገናኛው ላይ ነው።

መገናኛውን በልስንና በቀለም መደበቅ ስንጥቁን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የተሻለው መፍትሔ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ትቶ በሚለጠጥ መሙያ መሙላት፣ ግድግዳውንም በቀጭን የብረት ማያያዣ ከዓምዱ ጋር ማሰር ነው። ክፍተቱ እንደ ጥቁር መስመር ከታየ ለቤቱ ውበት ይጨምራል፤ ብዙ አርክቴክቶች ሆን ብለው ያሳዩታል።

የንድፍ ሐሳቦች

ከሁሉ የተለመደው አቀራረብ ኮንክሪቱን ለአግድም መስመሮች መጠቀም ነው፦ የሶሌታው ጠርዝ፣ ከመስኮትና ከበር በላይ ያለው ቢም፣ የበረንዳው ክዳንና የቤቱ ግርጌ። ጡቡ በነዚህ መስመሮች መካከል ይሞላል። ሁለቱ እኩል ቦታ ከያዙ ዓይን የቱን እንደሚከተል ስለማያውቅ፣ አንዱ ጎልቶ ሌላው ቢያጅበው ይሻላል።

የኮንክሪት ግርጌ ለኢትዮጵያ ሁኔታ በተለይ ተስማሚ ነው። በክረምት ዝናብ መሬት ላይ እያረፈ ቀይ አፈር ወደ ግድግዳው ይረጫል። ነጭ የተቀባ ጡብ እስከ መሬት ከወረደ በአንድ ክረምት ይበላሻል። ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ኮንክሪት ወይም ድንጋይ ጭቃውን ይቀበላል። ከግርጌው በላይ የእርጥበት መከላከያ ንጣፍ ከተደረገ ደግሞ ከመሬት የሚሳበው ውሃ ወደ ጡቡ አይደርስም።

ከመስኮት ሥር የሚወጣው የኮንክሪት ደፍ ከግድግዳው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ከሥሩ ቀጭን ቦይ ሊኖረው ይገባል። ቦይዋ ከሌለች ውሃው ከደፉ ሥር ተስቦ በግድግዳው ላይ ይፈስሳል። በብዙ ሕንፃዎች ላይ ከመስኮት ጥግ ወደ ታች የሚወርዱት እንባ የሚመስሉ ጥቁር መስመሮች ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ለአንድ ጣት የማትሞላ ቦይ ብዙ የቀለም ወጪ ታድናለች።

በቀለም ረገድ ነጭ ከግራጫ ኮንክሪት ጋር ቀላሉ ጥምረት ቢሆንም፣ ንጹሕ ነጭ በኮንክሪቱ አጠገብ ቀዝቃዛ ይመስላል። ጥቂት ቢጫ ወይም ቡናማ የገባበት ነጭ የኮንክሪቱን ግራጫ ያለሰልሰዋል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ዘመናዊ መልክ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ሙቀት ይስባሉ፣ ስለዚህ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ለሰፊ ግድግዳ አይመረጡም። ከብረት ኦክሳይድ የሚገኙት ቀይ፣ ቢጫና ቡናማ ቀለሞች በከፍታ ቦታ ያለውን ጠንካራ ፀሐይ ከብዙዎቹ ደማቅ ቀለሞች በተሻለ ይቋቋማሉ። በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የተመረጠ ቀለም ግድግዳ ላይ ሌላ ሆኖ ስለሚገኝ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ቦታ ቀብቶ በጠዋትና በማታ ብርሃን ማየት አይቀሬ ነው። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ግድግዳ ግን የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፤ የጡቡ ሸካራነትም ጥላ ስለሚጨምር ቀለሙ ከናሙናው ይልቅ ጠቆር ይላል።

ሁሉንም ጡብ መቀባትም ግዴታ አይደለም። ለምሳሌ መግቢያውን ብቻ ወይም ወደ ውስጥ ገባ ያለውን የበረንዳ ግድግዳ ብቻ መቀባት፣ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ስለሚመረጥ ቀለሙን ያቆየዋል፤ የቀረው ጡብም ሳይነካ ይቆያል።

ጥገና

ከመቀባት በፊት ውሃ የሚገባበትን ቦታ መዝጋት፣ የተበላ መጋጠሚያን መሙላትና ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። ጨው በውሃ ከታጠበ መልሶ ወደ ጡቡ ይገባል። አሮጌ ቀለምን በአሸዋ ርጭት ማስለቀቅ በእሳት የጠነከረውን የጡብ ፊት አብሮ ስለሚያነሳ አይመከርም፤ ከዚያ በኋላ ጡቡ ከቀድሞው የበለጠ ውሃ ይጠጣል። የኬሚካል ማስለቀቂያ በትንሽ ቦታ ተሞክሮ መጠቀም ይቻላል፤ ይሁንና በቀዳዳዎቹ ውስጥ የገባ ቀለም ሙሉ በሙሉ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው።

ሳይሸፈን የተተወ ኮንክሪትም ጥገና አያጣውም። የአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመታት ውስጥ ወደ ውስጥ እየዘለቀ አልካላይንነቱን ይቀንሰዋል። ለውጡ ፌሮው ዘንድ ሲደርስ ብረቱ መዝገግ ይጀምራል፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ፌሮው ከፊቱ ገጽ በቂ ርቀት እንዲኖረው ማድረግ የሚቻለው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ብቻ ነው። ውሃ የሚገፋና እንፋሎት የሚያሳልፍ መልክ የለሽ ቅብ ግን በኋላም ሊጨመር ይችላል፤ ግራጫውን ሳይለውጥ የዝናቡን ውሃ ከላይ ያንከባልለዋል፣ በየጥቂት ዓመቱም ይደገማል።