ከጋፋት እስከ ቢጫ ካርድ፦ የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የመኖር መብትና ሕጋዊ መሠረቱ

አንድ የውጭ አገር ሰው ከአገሩ ርቆ ለረጅም ጊዜ ሲኖር ሦስት ነገሮች በሕግ ሊወሰኑለት ይገባል፤ እነርሱም መግባቱ፣ መቆየቱና በፈለገ ጊዜ መውጣቱ ናቸው። ከጣራ ገዳም አንሥቶ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚዘልቀው የደቡብ ጎንደር ምድር ሦስቱ ሲነጣጠሉ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ታሪክ ያለው በመሆኑ፣ የዛሬውን የቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ሥርዓት ለመመዘን ተገቢ መነሻ ይሆናል።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት (1847–1860 ዓ.ም.) በኢየሩሳሌም የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ከስዊዘርላንዱ የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የወጡ የእጅ ሙያተኛ ሚስዮናውያንን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከስብከታቸው ይልቅ ሙያቸውን ስለፈለጉት ከደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት አስፍረው መሣሪያ እንዲሠሩና የአገሬውን ወጣቶች እንዲያሠለጥኑ አደረጓቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቴዎፊል ቫልድማየር የንጉሡን ባለሟል የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ልጅ በማግባቱ በጋብቻም ከአገሩ ጋር ተሳስሮ ነበር። እነዚህ ሰዎች የተጻፈ ፈቃድ ሳይሆን የንጉሡ ሞገስ ነበራቸው፤ የቆይታቸውም ዋስትና ጠቃሚነታቸው ብቻ ነበር።

የዚህ ዋስትና ጉድለት የታየው ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት ሲሻክር ነው። እንግሊዛዊው ቆንስል ካሜሮን ከታሰረ በኋላ እስረኞቹን ለማስፈታት የመጣውና በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው ቆራጣ የሰነበተው ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ራሱ ተይዞ ቀረ፤ ሚስዮናዊው ማርቲን ፍላድ ደግሞ ተጨማሪ ባለሙያዎችን እንዲያመጣ ወደ ለንደን ሲላክ ሚስቱና ልጆቹ እንደ መያዣ በኢትዮጵያ እንዲቆዩ ተደረገ። የጋፋት ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ሠርተው በ1860 ዓ.ም. እስከ ንጉሡ ምሽግ እስከ መቅደላ ቢያደርሱትም፣ ከአገር መውጣት የቻሉት መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ከተያዘች በኋላ ነበር። የመውጣት ነጻነት የጎደለው የመኖሪያ ፈቃድ የቱንም ያህል ክብርና ስጦታ ቢታከልበት ወደ ግዞት እንደሚለወጥ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል በአንጻሩ ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን አደላው፤ የውጭ ዜጎች በቆንስሎቻቸው በኩል ለብቻው በተቋቋመ ችሎት እንዲዳኙ በማድረጉ ነዋሪው በኢትዮጵያ ሕግ ሥር ሳይሆን ከሕጉ ጎን እንዲኖር አስችሎታል። በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ግን አምስት ዓመት የኖረና አማርኛ መናገርና መጻፍ የሚችል የውጭ ሰው ዜግነት ሊጠይቅ እንደሚችል በመደንገግ ቆይታን ከሞገስ ወደ ተጻፈ መስፈርት አሻገረ።

በአሁኑ ሥርዓት መሠረታዊው ሕግ የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 ነው። ቪዛ ወደ አገር ለመግባት የሚሰጥ ፈቃድ ሲሆን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ከገቡ በኋላ ለመቆየት የሚያስችል የተለየ ሰነድ ነው። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ ለማስተማር የሚመጣ የውጭ አገር መምህር ከእነዚህ በተጨማሪ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህ ፈቃድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት በመርሕ ደረጃ ለሦስት ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሰውየው ለሥራው አስፈላጊ አለመሆኑ ሲረጋገጥም ሊሰረዝ ይችላል። በባለሀብትነት የሚመጣ ሰው ደግሞ በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ብቻውን ለሚያካሂደው አንድ ፕሮጀክት በመደበኛው 200 ሺህ የአሜሪካ ዶላር መመደብ ይኖርበታል።

የትውልድ ሐረግን መሠረት ያደረገው መንገድ ከእነዚህ ሁሉ የሰፋ ነው። ሌላ ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ስለሚያጣ፣ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ቀድሞ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ የውጭ ዜጋ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ፈቅዷል። ባለ ካርዱ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይቀጠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትም ያፈራል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት ግን የለውም፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም። ዝምድና የሌለው ሰው የመጨረሻ አማራጭ ዜግነት ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ቢያንስ አራት ዓመት መኖርን፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትንና በቂ ሕጋዊ ገቢን ከሌሎች መስፈርቶች ጋር ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊ ላገባ ሰው ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላውና አመልካቹ አንድ ዓመት በአገር ውስጥ ከኖረ ጊዜው ያጥርለታል።

ከጋፋት ዘመን ወዲህ ትልቁ ለውጥ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ነው፤ በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ የሚገኝ የውጭ ዜጋ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ መብት እንዲሁም በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። ይሁንና የሥራ ፈቃዱ ሕግ ቆይታን አሁንም ከጠቃሚነት ጋር ያስተሳስራል። አንድ ሰው ዕድሜውን በማስተማር ወይም በማከም ካሳለፈ በኋላ የመኖር መብቱ ከአንድ ቀጣሪ ፍላጎት ጋር አብሮ እንዳይወድቅ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ወደ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያሸጋግርበት መንገድ በግልጽ ሊደነገግለትና ለአመልካቾች አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።