ማዓሪቭ፦ ፀሐይ ስትገባ የሚደርስ ጸሎት

“ምዕራብ” ስንል ፀሐይ የምትገባበትን አቅጣጫ ማለታችን ነው። ቃሉ የተገኘው “ዐረበ” ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ ጠለቀ፣ ገባ ማለት ነው። በዕብራይስጥም ዘመድ አለው፤ ምሽት “ዔሬቭ” ይባላል። አይሁድ በየቀኑ ከሚያደርሷቸው ሦስት ጸሎቶች የማታው “ማዓሪቭ” የተባለው ከዚሁ ሥር ነው፤ ፍቺውም “ምሽትን የሚያመጣ” ነው። የጠዋቱ “ሻሓሪት” ስሙን ከንጋት፣ የከሰዓቱ “ሚንሓ” ደግሞ ከቁርባን ወስዷል።

የጸሎቶቹን መነሻ የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት ታልሙድ በሁለት መንገድ ያስረዳል። አንዱ ከቤተ መቅደሱ የዕለት መሥዋዕት ጋር ያያይዛቸዋል። ሌላው ለአባቶች ይሰጣቸዋል፤ የጠዋቱን ለአብርሃም፣ የከሰዓቱን ለይስሐቅ፣ የማታውን ለያዕቆብ።

እኔን የሚነካኝ የያዕቆብ ድርሻ ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 28 ላይ ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ሸሽቶ ብቻውን ይጓዛል፤ ፀሐይ ትጠልቅበታለች፤ ድንጋይ ተንተርሶ ያድራል። ሊቃውንቱ የማታን ጸሎት የሰጡት ቤቱ ለተደላደለ ሰው ሳይሆን በመንገድ ላይ ለመሸበት ስደተኛ ነው። በጠዋት የሚጸልይ ሰው ብርሃኑን እያየ ያመሰግናል። ማዓሪቭ ግን ሌሊቱንም ያመጣው ያው አምላክ መሆኑን ጨለማው መሐል ቆሞ መመስከር ነው።