ደቦ ወይስ ሁዳድ?

«ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያወረሰው የቲያትር ጸሐፊ ነው። ቼኩ ካሬል ቻፔክ በ1920 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) «አር. ዩ. አር.» የተሰኘ ተውኔት አሳተመ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ሰው መሰል ሠራተኞችን እያመረተ ለዓለም ይቸበችባል። ፍጡሮቹን «ሮቦት» ብሎ እንዲጠራቸው ሐሳብ ያመጣለት ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር።

ቃሉን ከየት አመጣው? ከገጠር። በቦሄሚያ «ሮቦታ» ማለት ገበሬው በባለርስቱ መሬት ላይ ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዳጅ ሥራ ነው፤ የእኛ አባቶች ሁዳድ የሚሉት ዓይነት። ገበሬው ቢያምጽ ጊዜ ማሪያ ቴሬዛ በ1775 ባወጣችው አዋጅ ሮቦታ በሳምንት ከ3 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነች። ጨርሶ የተሻረው በ1848 ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼ ሮቦት ሲባል ብረትና ሽቦ ነበር የሚታያቸው፤ እኔ ደግሞ ሁዳድ የሚያርስ ገባር እንዲታያቸው እጎተጉታቸው ነበር።

ይህን ያነሣሁት ስለ መጋዘን ላወራችሁ ፈልጌ ነው። በአሜሪካ ዌብቫን የሚባል ኩባንያ ነበር፤ አስቤዛ በኢንተርኔት ተቀብሎ ቤት ድረስ የሚያደርስ። በ2001 ከሰረ። እዚያ ይሠራ የነበረው ሚክ ማውንትዝ ታዲያ አንድ ነገር ሲያብሰለስል ቆየ፦ ትእዛዝ ሰብስቦ መላክ ለምን ይህን ያህል ገንዘብ ይበላል? መልሱን ይዞ በ2003 ኪቫ ሲስተምስን አቋቋመ። መልሱ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ሰው ወደ መደርደሪያው ከሚሄድ መደርደሪያው ወደ ሰው ይምጣ። ጠፍጣፋ ብርቱካናማ ሮቦት መሬት ላይ የተለጠፉ ምልክቶችን እያነበበ ይሄድና ከመደርደሪያው ሥር ይገባል፤ እስከ 450 ኪሎ የሚመዝነውን ተሸክሞ ቆሞ ወደሚጠብቀው ሠራተኛ ያመጣዋል። አማዞን ኩባንያውን በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2025 ደግሞ በመጋዘኖቹ ያሰማራቸው ሮቦቶች 1 ሚሊዮን መድረሳቸውን አስታወቀ።

ሰውየው ለምን ቀረ? በእጁ ምክንያት። የሻምፑ ጠርሙስ፣ የልጅ አሻንጉሊትና መጽሐፍ ተደበላልቀው ከተቀመጡበት ሣጥን የተፈለገውን ለይቶ ማንሣት ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለማሽን ግን ከባድ ሆኖ ነው የኖረው። ስለዚህ ሥራውን ተካፈሉ። እግሩ የሮቦት፣ ዐይኑና እጁ የሰው ሆነ። እንዲያው ሲታይ ማለፊያ ሽርክና ነው። በቀን 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይኳትን የነበረ ሠራተኛ አረፈ፣ ያሰኛል።

ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። መንገዱ አድካሚ ቢሆንም ትንፋሽ መሰብሰቢያም ነበር። በ2020 «ሪቪል» የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ጋዜጠኞች ቡድን የአማዞንን የውስጥ መዛግብት አግኝቶ ሲመረምር፣ ሮቦት ባለባቸው መጋዘኖች የጉዳቱ መጠን ከሌሎቹ በልጦ አገኘው። ኩባንያው ትርጓሜውን አልተቀበለም። በዘገባው መሠረት ቀድሞ በሰዓት ወደ 100 ዕቃ ያነሣ ከነበረ ሠራተኛ በሮቦቶቹ ዘመን እስከ 400 ይጠበቅበት ጀመር። አስሉት፤ ለአንድ ዕቃ 9 ሰከንድ ነው። ጎንበስ፣ ቀና፣ ዘርጋ፣ ደግሞ ጎንበስ።

በ2018 መጨረሻ የብሪታንያ የመጋዘን ሠራተኞች «እኛ ሮቦቶች አይደለንም» ብለው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ሰሞን በሚኒሶታ ሻኮፒ፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች የሆኑ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ሥራው እንዲቀልላቸውና የጸሎት ጊዜያቸው እንዲከበር ጠየቁ። ከእኛም ቤት ወጥተው በአሜሪካ መጋዘን የሚያድሩ ጥቂት አይደሉምና ጉዳዩ የሩቅ አይደለም።

የእኛ ገበሬ አብሮ መሥራትን በስም ለይቶ ያውቀዋል። ደቦ አለ፤ ሁዳድ አለ። ሁለቱም ላይ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ያጭዳል፤ ከሩቅ ላየው ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱን የምታውቁት ሁለት ነገር ስትጠይቁ ነው፦ ፍጥነቱን የሚወስነው ማነው? ምርቱስ ወደ ማን ጎተራ ይገባል? ደቦ ላይ ዘፈኑን የሚያወጣው ሰው ራሱም ማጭድ ይዟል፤ የጎረቤቱ ወገብ ሲንቀጠቀጥ የሱም ተንቀጥቅጧል። ደግሞም ዛሬ የረዳኸው ነገ ይረዳሃል። የመጋዘኑን ፍጥነት የሚወስነው ኮምፒውተር ግን ወገብ የለውም።

ስለዚህ ጥፋቱን በብርቱካናማው ተሸካሚ ላይ አላላክክም፤ እሱ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። የሚያዘው ሰው ነውና ሕጉም ወደ ሰው ይሂድ። ካሊፎርኒያ በ2021፣ ሚኒሶታ በ2023 ያወጧቸው ሕጎች መንገዱን አሳይተዋል፤ አሠሪው የሚጠይቀውን የሥራ መጠን ለሠራተኛው በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ምግብና ዕረፍት፣ ሽንት ቤትም የሚያስቀር ኮታ አይጣል ይላሉ። የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ማሪያ ቴሬዛ የገበሬውን ቀን ቆጥራ ወሰን አበጀችለት፤ ከ250 ዓመት ግድም በኋላ ሕግ አውጪዎች የሽንት ቤት ደቂቃ ወደ መጠበቅ ወረዱ።

በቻፔክ ተውኔት ሮቦቶቹ አምጸው የሰውን ዘር ሲፈጁ አንድ ሰው ብቻ ይምራሉ፤ እንደነሱ በእጁ የሚሠራውን አልክዊስትን። በመጋዘኑም ሰው የተረፈው በእጁ ነው። አሁን እጅ የሚመስሉ ማሽኖች እየተሠሩ ነው። እጁም የተተካ ቀን ደቦው ይሁን ሁዳዱ የሚታወቀው፣ ለዘመናት የታጨደው ወደ ማን ጎተራ እንደገባ ስንጠይቅ ነው። ያን ጥያቄ ደግሞ ሠራተኛው ገና በሥራው ላይ ሳለ መጠየቅ ይሻላል፤ ከተሰናበተ በኋላ ማን ይሰማዋል?