በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የተማሪው ኀዘንና ጓደኝነት

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው የፍቅር ታሪክ በመሆኑ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው ጊዜም ፊደል ያልቈጠረው ሰው ሳይቀር የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር ሰምቶ አዝኗል። ስለ መጽሐፉ ሲነገርም በአብዛኛው የሚነሣው ወይ ፍቅሩ፥ ወይም የመኳንንቱና የገበሬው ግጭት ነው። እኛ በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው ግን ሌላውን ወገን ነው፤ ይኸውም አንድ የባላገር ልጅ ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ፥ ኀዘንንና ጓደኝነትን ዐውቆ፥ እንዴት ለአካለ መጠን እንደ ደረሰ የሚናገረውን ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ልብ ወለድ መጽሐፍ ለታሪክ ተማሪ ምስክር ሊሆን ይችላልን? ቢችልስ እስከ ምን ድረስ?

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለአገራችን ጸሐፊውንም፥ ዳኛውንም፥ የታሪክ ጸሐፊውንም ያወጣ ነው። ነገር ግን በብራና ላይ የቀረልን የነገሥታቱ ሥራ፥ የቅዱሳኑ ገድልና የመምህራኑ የትውልድ ሐረግ ነው እንጂ፥ በማታ ከጎጆው ተኝቶ እናቱን የሚያስብ የዐሥር ዓመት ልጅ ነገር አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፥ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ የጻፉት በሩቅ የሰሙትን ብቻ ሳይሆን የሄዱበትን መንገድ ነው ለማለት እንደፍራለን።

የበዛብህ ታሪክ የሚጀምረው በስለት ነው። አባቱ ቦጋለ መብራቱና እናቱ ውድነሽ በጣሙ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። ልጃቸው በሕመም ቢያስቸግራቸው፥ በሕይወት ከቈየላቸው ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ይህን ዛሬ የምናነብ ሰዎች ወላጆቹን ጨካኞች ናቸው ብለን ለመፍረድ እንቸኩል ይሆናል። ዳሩ ግን ያን ጊዜ ፈንጣጣው የመንደሩን ሕፃናት ይለቅም ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታም ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው ፈጅቷል። ሐኪም በሌለበት አገር ለወላጅ በእጁ የነበረው መድኃኒት ጠበሉና ስለቱ ነበር። የስለቱ ጭንቅ ያለው በሌላ በኩል ነው። ዕዳውን የገባው ወላጅ ነው፤ ከፋዩ ግን ልጁ ነው። በዛብህ አድጎ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ከፊቱ የሚቆመው ይህ እርሱ ያልተሳለው ስለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የተማሪው መንገድ ነው። በቀድሞው ልማድ ለትምህርት የቈረጠ ልጅ ከትውልድ ቀበሌው መራቅ ነበረበት፤ ቅርብ ከሆነ ወይ አባቱ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ይመልሰዋል፥ ወይ እርሱ ራሱ የእናቱን ቤት ናፍቆ ይመለሳልና። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ፥ በየደጁ «ስለ እመቤታችን» እያለ ቍራሽ ይለምናል። ያገኘውንም ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ወደሚያድርበት ጎጆ ይመለሳል። በቅኔ ቤት ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስና እስከ ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ቅኔውንም በዱር ወይም ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥርና ለመምህሩ ሄዶ ይነግራል። በዛብህ የኖረባት ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም ከሚገኙት ስመ ጥር የትምህርት ቦታዎች አንዲቱ ናት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል። የቆሎ ተማሪ ጠግቦ የሚበላበት ዋናው ቀን ተስካር ነበር። በአርባው ቀን የሟች ዘመዶች ድግስ ሲደግሱ፥ ካህናቱና ተማሪው ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ ቅኔም ይቀርባል፤ ከዚያ ይበላል፥ ይጠጣል። እንግዲህ ይህ ልጅ ገና ጢሙ ሳያቀነቅን በሰው ኀዘን መካከል ያድራል፤ የሙታንን ጸሎት በቃሉ ያውቃል፤ ለማያውቀው ሰው ሞት ያማረ ቃል መፈለግን ይማራል። የሌላው ቤት ልቅሶ ለእርሱ እንጀራ ነው። የራሱ ቤት መርዶ በመጣ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ይለወጣል። በዛብህ እናቱንና አባቱን በሞት ሲያጣ፥ ስንት ጊዜ ለሌላው የተባለው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ወደ እርሱ ይዞራል። ትምህርቱ ቃሉን ሰጥቶት ነበር፤ የቃሉን ክብደት ያስተማረው ግን ኀዘኑ ነው። እኛም በዛብህ ከልጅነት የወጣው በዚህ ጊዜ ነው እንላለን።

ዘመድ በሌለበት አገር መርዶ የሚሰማ ተማሪ አብሮት የሚያለቅሰው ማን ነው? አብሮት ቍራሽ የለመነው ጓደኛው ነው። የተማሪ ቤት ጓደኝነት በአጥንትና በጉልት ያልተቈጠረ ዝምድና ነበር፤ የባላባቱም ልጅ የድኻውም ልጅ በአንድ የኔታ እግር ሥር ይቀመጡ ነበርና። ከተማሪ ቤት ውጭ ግን ይህ እኩልነት አይሠራም። በዛብህ ድምፁና ዕውቀቱ ተመስክሮለት ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ይገባል። ዕውቀቱ በሩን ከፈተለት፤ የዘር ነገር ግን ከበሩ ወዲያ እንዳያልፍ ከለከለው። ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል አጣን እያሉ ጠያቂውን ሁሉ የመለሱት ፊታውራሪ ለአስተማሪዋ እሺ ሊሉ አይችሉምና።

በዚህ ቤት ያገኘው ወዳጅ ጉዱ ካሳ ነው። ጉዱ ካሳ የፊታውራሪው ዘመድ ሆኖ ሳለ፥ ሥርዐቱን ስለሚነቅፍ ሕዝቡ እንደ እብድ የሚቈጥረው ሰው ነው። የሁለቱ ወዳጅነት የሚያስገርመው፥ አንደኛው ዘር አጥቶ ሌላው ዘሩን ንቆ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው። በዛብህ ከኀዘን የተማረው ሰው የማያስቀረውን መቀበልን ነው፤ ከጉዱ ካሳ የሰማው ደግሞ ሰው የሠራውን ሰው ሊለውጠው እንደሚችል ነው።

የመጽሐፉ ዋና ትምህርት በዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። በአገራችን ቋንቋ «የመጣውን መቀበል» ሲባል ሞትም፥ ግብርም፥ ስለትም፥ የጌታ ትእዛዝም በአንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ልብ ወለዱ ግን ይለያቸዋል። ሞትን የማይቀበል ሰው የለም፤ ሰብለ ወንጌልም በመጨረሻ በዛብህን ቀብራ ትመነኵሳለች። ከልማድ በላይ የተጠየቀውን ግን በአበጀ በለው የተመሩት ገበሬዎች አልቀበልም ብለው ፊታውራሪውን ይማርካሉ። ያ ሥርዐት በሕግ የተሻረው መጽሐፉ ከታተመ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዛብህ የሚባል ተማሪ በዲማ ነበረ ብለን በታሪክ መጽሐፍ ልንጽፍ አንችልም። ከልብ ወለድ የግብርን መጠን፥ የተማሪን ቍጥር ወይም የወረርሽኝን ዘመን ማውጣትም ስሕተት ነው። ጉዱ ካሳም የሚናገረው በዘመኑ የነበረ ሰው የሚናገረውን ብቻ ነው ወይስ ደራሲው በኋላ ያሰቡትን ጭምር፥ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ስለ ስለት ልጅ ጭንቀት፥ ስለ ተማሪ ናፍቆትና ስለ ጓደኛ ዋጋ ግን ብራናው ዝም ባለበት ቦታ መጽሐፉ ይናገራል። ስለዚህ ምስክርነቱን እንቀበላለን፤ ነገር ግን አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃምና ሁለተኛ ምስክር እንፈልግለታለን።

ሁለተኛው ምስክር በየአጥቢያችን አለ። በልጅነታቸው አኩፋዳ ይዘው የለመኑ፥ መርዶ በሰው አገር የሰሙ አረጋውያን ዛሬም ይገኛሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1996 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ እርሳቸውን የመጠየቅ ዕድል አልፎናል። የትምህርት ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ የአረጋውያኑን ቃል ከነአነጋገሩ ጽፈው ቢያመጡ፥ ልብ ወለዱ የጀመረውን ታሪክ ሊፈጽመው ይችላል። ተስካራቸው ከተበላ በኋላ የምንጠይቀው ሰው አይኖርም።